«እዚህ ማን ዘመድ አላችሁ?»

እኔና ባለቤቴ ጀርመን መኖር ከጀመርን አሥራ አንድ ዓመት ሆነን። በዚህ ሁሉ ጊዜ የዓመት ፈቃዳችንን አርፈንበት አናውቅም። ለእኛ ፈቃድ ማለት አገር ቤት መግባት ነው። አገር ቤት መግባት ማለት ደግሞ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ እየመዘኑ ሻንጣ መጠቅጠቅ፣ የሰው አደራ መቀበል፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ አራት ለቅሶ ደርሶ ሁለት ሠርግ በልቶ፣ ሳይጠየቅ የቀረ ዘመድ መቀየሙን በሰው በሰው እየሰሙ ተመልሶ ሰኞ ጠዋት ሥራ መግባት ነው። ከእረፍቱ ለማረፍ ሌላ እረፍት ያስፈልጋል።

ዘንድሮ ባለቤቴ አሻፈረኝ አለች። የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ ሰው ስታነሳና ስታስተኛ ወገቧ አልቋል። «አንድ ጊዜ እንኳ ማንም የማይጠብቀን ቦታ እንሂድ» አለች። የጣልያን ትኬት ተቆረጠ። ለእናቴ ግን «ለሥራ ጉዳይ ነው» ብዬ ዋሸኋት። ገንዘቡ አሳፍሮኝ አይደለም። «ዝም ብለን ልንዞር ነው» የሚባለው ነገር ለእናት እንዴት እንደሚነገር ስላላወቅኩ ነው።

መጀመሪያ የወረድነው ሊጉሪያ በሚባለው ግዛት፣ ቺንኳ ቴሬ ወደሚሉት የባሕር ዳርቻ ነው። «አምስቱ መሬቶች» እንደ ማለት ነው፤ ሞንቴሮሶ፣ ቬርናትሳ፣ ኮርኒሊያ፣ ማናሮላና ሪዮማጆሬ። ከላ ስፔትሲያ የሚነሳው ባቡር ተራራውን ሰርስሮ ነው የሚሄደው። ጨለማ፣ ከዚያ ለአፍታ ባሕር፣ ከዚያ እንደገና ጨለማ። ዋሻው ባለቀ ቁጥር ባቡሩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስልኩን ያነሳል፤ ፎቶው ሳይነሳ ሌላ ዋሻ ይገባል። እኛም አነሳን። ስልኬ ላይ ያለው አብዛኛው ፎቶ የዋሻ ግድግዳ ነው።

የሰሜን ሸዋ ልጅ ነኝ፤ ባሕር ሲባል በልጅነቴ የምሰማው ጣናን ነበር። ከተማውንስ ባሕር ዳር ብለን አይደል የጠራነው! ባለቤቴ ጨው እንደሆነ እያወቀች በጣቷ ነክራ ቀመሰችውና ፊቷን አጨማደደች። የባሕሩ ነገር በዚሁ ይብቃ፤ ዓይኔን ይዞ ያስቀረው ከባሕሩ በላይ ያለው ተራራ ነው።

ተራራው ከአናቱ እስከ ግርጌው እርከን ነው። ያለ ሲሚንቶ፣ ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተካበ ካብ፤ ከካቡ ኋላ ጠባብ መሬት፣ በመሬቱ ላይ ወይን። ይህን ሁሉ የሠራው ሰው በሬ ማስገባት አይችልም ነበር። አፈሩን በቅርጫት፣ ድንጋዩን በትከሻ እያጋዘ ነው የሠራው። ዩኔስኮ በ1997 መዝግቦታል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እኔ አፌን ከፍቼ ሳይ ባለቤቴ ጎኔን ነካ አድርጋ «ኮንሶን አይተኸዋል?» አለችኝ።

አላየሁትም። ከአርባ ምንጭ በታች ወርጄ አላውቅም። የኮንሶ እርከንም እንዲሁ በደረቅ ድንጋይ የተካበ ነው፤ መንደሮቹም ኮረብታ ላይ ሆነው በድንጋይ ግንብ የታጠሩ ናቸው፤ እሱም በ2011 ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ገብቷል። የሰው አገር ካብ ለማየት የባቡር፣ የሆቴልና የመግቢያ ከፍዬ የመጣሁት ሰውዬ የአገሬን የማውቀው ከካላንደር ላይ ነው። ለባለቤቴ «መንገዱ ሩቅ ነው» አልኳት። ከፍራንክፈርት ላ ስፔትሲያም ቅርብ አልነበረም፤ ግን አላለችኝም።

የሁለቱ ካቦች ልዩነት ግን አለ። የኮንሶ ገበሬ ካቡ ሲናድበት ነገ ማሽላው የሚበቅልበት አፈር አብሮ ስለሚሄድ ዛሬውኑ ይክበዋል። እዚህ የገበሬው ልጅ ጄኖቫ ወይም ሚላኖ ገብቷል፤ የቀረውም ቤቱን ለእንግዳ ያከራያል። ወይኑን ከሚለቅም አልጋውን ቢያከራይ ይሻለዋል፤ አልፈርድበትም። ካቡ ግን ጠባቂ አጣ። ኮንሶ በተመዘገበበት በዚያው በ2011፣ ኦክቶበር 25 ቀን የወረደው ዝናብ ቬርናትሳንና ሞንቴሮሶን በጭቃ ቀበራቸው፤ ሰውም ሞተ። የዝናቡ ብዛት ዋናው ምክንያት ነው፤ የተተዉት እርከኖች መናድ ግን አባብሶታል። በዓመቱ ደግሞ ከሪዮማጆሬ ማናሮላ የሚወስደው «የፍቅር መንገድ» የሚሉት የገደል ዳር መንገድ ናዳ ወርዶበት ሰው ስለተጎዳ ተዘጋ። አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መቼ ተከፈተ? በ2024። መንገድ የሚጓተተው እኛ አገር ብቻ ነው ብዬ ስማረር ለኖርኩት ሰው ይህ ትልቅ መጽናኛ ነበር።

ከአምስቱ ኮርኒሊያ ብቻ ባሕሩ አጠገብ አይደለችም፤ መቶ ሜትር ያህል ከፍ ብላ ገደል አናት ላይ ተቀምጣለች። ከባቡር ጣቢያው ወደ መንደሩ የሚያወጣው ደረጃ 382 ነው። እኛ እየቆጠርን ወጣነው። ሁለት መቶ አካባቢ ላይ ባለቤቴ ፎቶ የምታነሳ መስላ ቆመች፤ እኔም ገደሉን የማደንቅ መሰልኩ። በነገራችን ላይ በአካባቢው የተራራ መንገዶች ላይ ሸበጥ አድርጎ የሚወጣ ቱሪስት ይቀጣል። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን የሮጠ ሰው አገር ልጅ ስለሆንኩ ማስጠንቀቂያውን ሳየው ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ደረጃውን ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ነገር አይቼ ነበር። ጣቢያው በር ላይ አንዲት አሮጊት ቆመዋል፤ በአንድ እጃቸው ወተትና ሽንኩርት የያዘ ፌስታል፣ በሌላው ከዘራ። ቀና ብለው ደረጃውን እንኳ አላዩትም። ትንሿ አውቶቡስ መጣች፣ ገቡ፣ ሄደች። ደረጃውን የምንወጣው እንግዶቹ ነን። ነዋሪዋ አውቶቡስ ይጠብቃሉ። የዚያን ሁሉ ዳገት ውበት ያየሁት አውቶቡሱ ስላለ ነው።

እናቴ ያሳደገችኝ አንኮበር አካባቢ፣ የአፋር ቆላ ቁልቁል የሚታይበት ጥግ ላይ ነው። ዕይታው ኮርኒሊያን ያስንቃል፤ ይህን የምለው ስላደላሁ አይደለም። ጠዋት ደመናው ከእግርህ በታች ነው የሚተኛው። ምንጩ ግን ከታች፣ ቤታችን ከላይ ነበር። እናቴ በመጀመሪያ በእንስራ፣ ኋላ ቢጫ ጄሪካን ሲመጣ በእሱ፣ በቀን ሁለቴ ትወጣዋለች። ስንት ደረጃ እንደሆነ የቆጠረው የለም። አንድም ቀን ቆማ ደመናውን ስታይ አይቼ አላውቅም፤ ብትቆምም ለማየት ሳይሆን ገመዱን ከትከሻ ወደ ትከሻ ለማዛወር ነው።

ከዚያ ወደ ደቡብ ወረድንና ኦርቪዬቶ አደርን፤ በማግስቱ በአውቶቡስ ባኞሬጆ ገባን። ቺቪታ የምትባለውን መንደር ለማየት ነው። ጣልያኖቹ «የምትሞተዋ ከተማ» ይሏታል። የተቀመጠችበት ኮረብታ በየጊዜው ይናዳል፤ በ1695 የመሬት መንቀጥቀጥ ከመታት በኋላ አብዛኛው ሰው ጥሏት ሄደ። ዛሬ የሚያስገባው በ1965 የተሠራ የእግር ድልድይ ብቻ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚኖርባት ሰው ደርዘን ቢሞላ ነው። ከ2013 ጀምሮ መግቢያ ታስከፍላለች፤ እኛ በነፍስ ወከፍ አምስት ዩሮ ከፈልን። ሰው ያለቀባት መንደር በሰው ተጨናንቃለች። በየደጁ አበባ፣ በየጥጉ የጠገበች ድመት፣ በየበሩ ፎቶ የሚነሳ ጥንድ። ቱሪስት ባይመጣ ይህም ድልድይ አይጠገንም ነበር ይሆናል፤ ስለዚህ አላሾፍም። ግን ሁለት ሰዓት ዞረን አንድም ልብስ ታጥቦ ተሰጥቶ፣ አንድም ሕፃን ሲያለቅስ አላየንም፣ አልሰማንም። ሽንኩርት ሲቁላላ የሸተተን አንድ ቦታ ነው፤ እሱም ምግብ ቤት ነበር።

ማታ ባለቤቴ ካርታ ስታገላብጥ ቺቪታ ባለችበት በላዚዮ ግዛት፣ ከሮም በስተምሥራቅ፣ አፊሌ የሚል ስም አየች። እሷም ኮረብታ ላይ ያለች መንደር ናት። በ2012 ለሮዶልፎ ግራዚያኒ፣ የየካቲት 12ቱን ጭፍጨፋ ላስፈጸመው፣ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ላስረሸነው ሰው፣ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ያቆመች መንደር። ተቃውሞው እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። እኔ «ሄደን እንየው፣ ቆመን እንታዘበው» አልኩ። ባለቤቴ «እዚያ ሄጄ ቡና ገዝቼ ለመንደሩ አምስት ሳንቲም አልጨምርም» ብላ ካርታውን አጠፈችው። አልሄድንም። የአያቷ ወንድም በዚያ የካቲት ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም፤ ይህን የነገረችኝ ከተጋባን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ማታ ነው።

ደግሞ ይህ ሁሉ ቁጭት እያለ ጣልያንኛው አፋችን ላይ አለ። ቦርሳ፣ ካልሲ፣ ኮሞዲኖ፣ ባንኮኒ፣ ፉርኖ፣ ፒያሳ። ባለቤቴ ጀርመንኛን አሥራ አንድ ዓመት ታግላ ያልገጠማት መዝናናት ኦርቪዬቶ ገጠማት፤ ዳቦ ቤቱ ላይ «ፎርኖ» የሚል ስታይ «ይሄማ የእኛ ነው!» አለች።

የመጨረሻው ቀን፣ ነጭና ጥቁር ድንጋይ እየተፈራረቀ የተሠራው የኦርቪዬቶ ካቴድራል ፊት ለፊት ተቀምጠን ነበር። ነጠላ የመሰለ ሻርፕ ያደረጉ ሴትዮ አንዲት ነጫጭ ፀጉር ባልቴት በተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ መጡ። አለፉን። አሥር እርምጃ ሄደው ዞሩ።

«ሐበሻ ናችሁ?»

ብድግ አልን። ሦስት ጊዜ ሳሙን። ጣልያን ከገቡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ይህችን ሲኞራ ብቻ ሰባት ዓመት ሲጠብቁ ኖረዋል። የሲኞራዋ ልጆች ሮም ናቸው፤ በወር አንዴ ይመጣሉ።

«እዚህ ማን ዘመድ አላችሁ?»

«ማንም የለን፣ እትዬ።»

«ሥራ ልትፈልጉ ነው?»

«አይ፣ ለእረፍት ነው።»

«ዝም ብላችሁ?» አሉና ባለቤቴን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ቅር ያላቸው መስሎኝ ነበር። «ጎበዝ!» አሉ። «እኔ ባሕር ያየሁት ሲኞራን ይዤ ነው። እሷ ውሃ ውስጥ፣ እኔ ፎጣ ይዤ ዳር።»

ቡና ካልጠጣችሁ አለቃችሁም አሉን። እዚያ አገር ቡና ቤት ብዙ ጊዜ ቀድመህ ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ከፍለህ ነው ባንኮኒው ጋ የምትሄደው፤ እኔ ቦርሳዬን ሳወጣ እሳቸው ከፍለው ጨርሰዋል። ስከራከር ሲኞራዋ ግራ ተጋብታ አንድ ነገር አለቻቸው። «ምን አሉ?» ስላቸው «ልትጣሉ ነው ወይ ነው የምትለኝ» ብለው ሳቁ። ባለቤቴ ሳታስበው ጎንበስ ብላ የሲኞራዋን የእግር ማስቀመጫ አስተካከለች፤ እጇ ለምዶታል። ሴትዮዋ ይህን አይተው ምን እንደምትሠራ ሳይጠይቋት ገባቸው። «አንቺም?» አሏት። «እኔም» አለች።

ፍራንክፈርት ስንመለስ ፎቶዎቹን ለታናሽ እህቴ በቴሌግራም ላክኩ። ለእናቴ እንዳታሳያት ማለት ረስቼ ነበር። እሑድ ስደውል ስልኩን ያነሳችው ራሷ እናቴ ናት።

«ሥራው ገደል አፋፍ ላይ ነው እንዴ?»

እውነቱን ነገርኳት፤ አልተቆጣችም። የቺቪታ ፎቶ ግን ከልቧ አልወጣም።

«እነዚህ ሰዎች ውሃ ከየት ነው የሚቀዱት?»

«ቧንቧ አላቸው፣ እማዬ።»

«እዚያ አናት ላይ?»

«አዎ። መብራትም አላቸው። ሰው ግን የለም፣ አብዛኛው ጥሎ ሄዷል።»

ዝም አለች። ዶሮዎቿ ከኋላ ይሰማሉ።

«ውሃ እያላቸው ምን ፈልገው ሄዱ?»

ምን ብዬ ልመልስ? ባለቤቴ ስልኩን ተቀበለችኝና «እማማ፣ ጉልበትዎን እንዴት አደረግዎት?» አለቻት።