ለንደንን ከልጆች ጋር ለመጎብኘት መቸኮል አያስፈልግም

ለንደንን ስለመጎብኘት ባነበብኩት አንድ ጽሑፍ ላይ ጸሐፊው የከተማዋን ታዋቂ ስፍራዎች በአንድ ቀን ለማዳረስ ያቀረቡት መርሐ ግብር ለአዋቂዎች ይመች ይሆናል፤ ትንንሽ ልጆች ለያዘ ቤተሰብ ግን እጅግ አድካሚ ነው ብዬ አምናለሁ። የከተማዋ ብሔራዊ ሙዚየሞች ቋሚ ስብስባቸውን ከ2001 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በነጻ ስለሚያስጎበኙ፣ የከፈልነው ገንዘብ እንዳይባክን በሚል ልጅን ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ መጎተት አያስፈልግም፤ ሲደክመው ወጥቶ በሌላ ቀን መመለስ ይቻላል። በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ዋና አዳራሽ ከጣሪያው የተንጠለጠለው የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ አፅም 25 ሜትር ያህል ይረዝማል። ልጄ ከሥሩ ቆማ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ቀልሳና ጣቷን ቀስራ የጎድን አጥንቶቹን አንድ በአንድ ስትቆጥር፣ ሰዓት ደረሰ ብሎ እጇን መሳብ ግፍ መስሎ ስለተሰማኝ የቀረውን ዕቅድ ትተን እዚያው ቆየን።

በጽሑፉ ያልተነሳው ሌላው ጉዳይ መጓጓዣ ነው። ከ11 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከፍሎ ከሚጓዝ አዋቂ ጋር ሲሆኑ በምድር ውስጥ ባቡር በነጻ ይሳፈራሉ። ይሁንና ብዙዎቹ የቆዩ ጣቢያዎች ሊፍት ስለሌላቸው፣ የሕፃን ጋሪ ለሚገፋ ወላጅ ደረጃው ፈተና ነው፤ አውቶቡስ ቢዘገይም ይሻላል። ጋሪ የማይዙ ቤተሰቦችም ቢሆኑ በባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ የላይኛው ፎቅ የፊት መቀመጫ ላይ ሆነው ድልድዮቹንና አደባባዮቹን እያዩ ቢጓዙ፣ ጉዞው ራሱ ጉብኝት ይሆንላቸዋል። ጸሐፊው ጽሑፉን በድጋሚ የሚያዘጋጁት ከሆነ፣ ሊፍት ያላቸውን ጣቢያዎች ቢጠቁሙን ለብዙ ወላጆች ትልቅ እገዛ ነው።