የቅሬውን ቆጠርን፣ የአገሩን ዘነጋን

ወገኖቼ፣ የደሴም፣ የወልዲያም፣ የመካነ ሰላምም ሰዎች፣ ዛሬ ልገሥጽ የተነሣሁት ራሳችንን ነው። ሹሙን የሚወቅስ ሞልቷል። እኛን ግን ማን ይናገረን?

በቅርቡ በሰፈራችን ቅሬ፣ ሌላው አገር ዕድር በሚለው፣ የድንኳኑ ሸራ ይለወጥ የሚል ሐሳብ ቀረበ። የቅሬው ዳኛ ዋጋውን ተናግረው ሳይጨርሱ አንዲት እናት ተነሡና «የድሮው ምን ሆነ? ስንት ቦታ ነው የተቀደደው? ቢሰፋስ?» አሉ። ሁለት ሰው ተመረጠ፣ ሸራው ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ታየ፣ ተሰፋ። ገንዘቡ ለሐዘንተኛ ተቀመጠ። እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚያዋጣበት የወሎ ቅሬ ስንት መንግሥት ሲወድቅ ሳይፈርስ የኖረው እንዲህ ያለ ጥያቄ ስለሚጠየቅበት ነው። በዚያው ወር ግን እዚያው የነበርነው ሰዎች የመሠረት ድንጋይ ሲጣል አጨብጭበን ተመለስን። በስንት ብር ይሠራል? ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ያለፈው ዓመት ድንጋይስ የት ደረሰ? አንድም ሰው አልጠየቀም።

ይህ ዝምታ ከእናታችን ጡት ጋር የጠባነው ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እያልን አደግን። «ሲሾም ያልበላ፣ ሲሻር ይቆጨዋል» ብለን ደግሞ የሚበላውን ሳይበላ ይቅር አልነው። አባቶቻችንን አከብራለሁ፤ እነዚህን ሁለት ተረቶች ግን ለልጆቻችን አናውርስ።

ዋጋውን ከእኛ የበለጠ የከፈለ የለምና። ሐምሌ 16 ቀን 1964 የንጉሠ ነገሥቱ 80ኛ ዓመት ልደት በታላቅ ድግስ ተከበረ። ብዙም ሳይቆይ ወሎ በረሃብ ማለቅ ጀመረ፤ የቤተ መንግሥቱ ጭንቀት ግን ወሬው እንዳይወጣ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1977 ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት አከበረ። የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ተመሠረተ፣ አዲስ አበባ በቀይ ጨርቅ አጌጠች፣ የትግላችን ሐውልት ቆመ። በዚያው ሰሞን፣ ያኔ በእኛ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ኮረም፣ ሬሳ በየማለዳው ይደረደር ነበር። አንደኛው የዘውድ መንግሥት ነው፣ ሁለተኛው ዘውድ የገለበጠ። ድግሱ ላይ ግን አልተለያዩም።

ድርቁን እነሱ አላመጡትም፤ ዝናብ በሹም ትእዛዝ አይዘንብም። ድርቅ የመታውን ገበሬ እጅና እግሩን ያሰረው ግን መንግሥት ነው። ስለ ኮታው ለወጣቶቻችን ንገሩ እንጂ፣ ለምን ትደብቃላችሁ? በደርግ ዘመን ገበሬው ለመንግሥቱ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ስንት ኩንታል እንደሚያስረክብ ይወሰንለት ነበር፤ ዋጋውም ከገበያው በታች ተቆርጦ ይመጣል። ማሳው ያልሰጠው ገበሬ ፍየሉን ሸጦ፣ እህል ከገበያ በውድ ሸምቶ፣ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክባል። እህል ከተረፈበት አገር ወደ ጠፋበት እንዳይሄድ በየመንገዱ ኬላ ተተከለ። ቀጥሎ ሰፈራ መጣ፤ ከወሎ ብቻ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተጫነ፣ ብዙው ሳይወድ። ገበሬውን ከጎጆው አንሥቶ በአንድ መንደር የሚሰበስበው መንደር ምሥረታና መሬቱንና በሬውን የጋራ የሚያደርገው የአምራቾች ማኅበርም ከከተማ በወረቀት የወረዱ ነበሩ።

ከዚያ በ1982 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የግሉም የመንግሥቱም ሥራ ጎን ለጎን የሚሄድበትን ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ፤ ኮታው ቀረ፣ ኬላው ተነሣ። ገበሬው ያን ጊዜ ያደረገውን አስታውሱ። በጥቂት ወራት ውስጥ የአምራች ማኅበሩን አፍርሶ፣ መሬቱንና በሬውን ተካፍሎ፣ ወደ ቀድሞ ጎጆው ተመለሰ። ያዘዘው የለም። ባለማሳው ሥራውን ከሹም የተሻለ እንደሚያውቅ ከዚህ የበለጠ ምስክር አልፈልግም።

ያ አልፏል ትሉኝ ይሆናል። አላለፈም፤ መልኩን ለወጠ። ከ2003 እስከ 2012 የግል ባንክ 100 ብር ባበደረ ቁጥር 27 ብር አስልቶ የመንግሥት የብድር ሰነድ እንዲገዛ ይገደድ ነበር፣ ያውም መጀመሪያ ላይ በ3 በመቶ ወለድ። ደሴ ፒያሳ ላይ ሱቁን ማስፋት የፈለገ ነጋዴ «ገንዘብ የለም» የተባለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በዚያ ዘመን 10 አዳዲስ ስኳር ፋብሪካዎች በአምስት ዓመት ይቆማሉ ተባለ፤ እናቶቻችን ግን ለስኳር በሸማቾች ሱቅ ደጅ ተሰለፉ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሀራ ገበያ የተዘረጋውን ሐዲድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2007 ተጀመረ፣ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የተያዘለት፣ በውጭ ብድር የተሠራ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሊያልቅ ሲቃረብ የኤሌክትሪክ ኃይል አልደረሰለትም፤ ኋላም በሰሜኑ ጦርነት ተዘረፈ። ባቡር ሳይመላለስበት ብድሩ ወለድ ወለደ።

የአገሪቱ በጀት ለ2017 971.2 ቢሊዮን ብር ሆኖ ጸደቀ፤ ዓመቱ ሳይጋመስ ወደ 582 ቢሊዮን ተጨመረበት። ለ2018 1.93 ትሪሊዮን ደረሰ። ከዚህ ውስጥ የብሩ አቅም መውደቅ ያመጣው ድርሻ እንዳለ አውቃለሁ። ግን ብሩን ካደከሙት አንዱ ራሱ የመንግሥት ወጪ ነው። መንግሥት ጎደለኝ ብሎ ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ሲበደር ገበያው ላይ ብር ይበዛል፣ ጤፉ ግን ያው ነው። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን፣ ባቲ ሰኞ ገበያ የወጣች መበለት ማንም ግብር ሰብሳቢ ሳያንኳኳባት ከመቀነቷ ሩብ ያህሉ ተወሰደባት።

እኛስ? እኛ «ወረዳ ይሁንልን» ብለን ሽማግሌ እንልካለን። ወረዳ ሲሆን የሚመጣው አስተዳዳሪ ነው፣ ምክትሉ ነው፣ መኪናው፣ ነዳጁ፣ አበሉ ነው። የወረዳ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ እንደሚያልቅ እዚያ የሠራ ሁሉ ያውቃል፤ ለጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው። ልጃችን ሲመረቅ ደግሞ በየቢሮው ደጅ እንጠናለታለን፤ «የመንግሥት እንጀራ አስተማማኝ ነው» እያልን። ማን እየጋገረው እንደሆነ ግን አንጠይቅም። ለስብሰባ ስንጠራ ከአጀንዳው በፊት አበሉን የምንጠይቅ እኛ ነን። መንግሥት ያበጠው በእኛ ልመና ጭምር ነው፣ ወገኖቼ። ይህን ለመናገር ይከብደኛል፤ እውነት ስለሆነ ተናገርኩ።

መንግሥት ይጥፋ አላልኩም። በ1966 ወሎ የሚያስፈልጋት ፈጥኖ የሚደርስ መንግሥት ነበር። ጸጥታ ያስከብር፣ ዳኝነት ይስጥ፣ መንገድ ይጥረግ፣ ለክፉ ቀን እህል ያስቀምጥ። እነዚህን አንድም ሳያጓድል ይሥራ። ስኳርም ልቀቅል፣ ሱቅም ልክፈት፣ ሐውልትም ልትከል የሚል መንግሥት ግን ድርቅ ሲመጣ ካዝናው ባዶ ሆኖ ይገኛል።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የወረዳ በጀት ለሕዝብ በግልጽ የሚለጠፍበት አሠራር ከተዘረጋ ቆይቷል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። ወረቀቱ ካልተለጠፈ የት አለ በሉ። ከተለጠፈ ቆማችሁ አንብቡ፤ ስንቱ ለደመወዝ፣ ስንቱ ለነዳጅ፣ ስንቱ ለውኃ ጉድጓድ እንደሆነ በጣታችሁ ቁጠሩ። እኔ ከእኚያ ከቅሬያችን እናት ጋር ልሄድ ተቀጣጥረናል። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። እኔ አነብላቸዋለሁ፣ እሳቸው ይጠይቃሉ።