አውቶቡስ ሳይሳፈሩ አውቶቡስ ለመምራት ለሚወዳደሩ የቀረበ ውዳሴ

በኮሎራዶ፣ ከዴንቨርና ከአውሮራ እስከ ቦልደር የሚመላለሱትን አውቶቡሶችና ባቡሮች የሚያስተዳድረውን አርቲዲን 15 የቦርድ አባላት ይመሩታል። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች እንዲህ ያለ ቦርድ በሹመት ሲቋቋም፣ እዚህ ግን እያንዳንዱ አባል በየወረዳው በሕዝብ ድምፅ ለአራት ዓመት ይመረጣል፤ እጩ ለመሆንም ከወረዳው መራጮች 250 ፊርማ ማሰባሰብ ያስፈልጋል። አውቶቡስ ተሳፍሮ ማወቅ ግን ከመስፈርቶቹ መካከል የለም። የሕግ አውጪዎቹ አርቆ አሳቢነት ፍንትው ብሎ የሚታየን የምርጫው ሰሞን ሲደርስ ነው።

ውዳሴዬ አውቶቡስን በመስኮት ብቻ፣ ያውም በገዛ መኪናው መስኮት፣ ለሚያውቀው እጩ ይድረስልኝ። ያላዩት አገር አይናፍቅም እንደሚባለው፣ ያልተሳፈሩበት አውቶቡስም አያስመርርም፤ ከዚህ የበለጠ ገለልተኛ ዳኛ ከየት ይገኛል? ኤርፖርት ጽዳት ለመግባት ገና ሳይነጋ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ 15 ቁጥርን ቆማ የምትጠብቅ እናት ብትመረጥ ግን አደጋ ነው። አድሏዊ ናት፤ አውቶቡሱ በሰዓቱ እንዲመጣ ትፈልጋለች።

የእጩአችን ትጋት ጎልቶ የሚታየው ፎቶ በሚነሣበት ቀን ነው። ረዳቱ መኪናውን ይዞ ከኋላ እንዲከተል ካዘዘ በኋላ፣ ከሠራተኛው ሕዝብ ጋር ፌርማታ ላይ ይሰለፋል፤ አውቶቡሱ ሲደርስም የሃያ ዶላር ኖት ወደ ክፍያ ሳጥኑ ይዘረጋል። ዋጋው 2 ዶላር ከ75 ሳንቲም እንደሆነና ሳጥኑ መልስ እንደማይሰጥ ሲነገረው ፊቱ ላይ የሚነበበው መደነቅ ፈጽሞ የማስመሰል አይደለም። ሹፌሩ (በአውሮራ መስመሮች የእኛው ሰው ቢሆን አይግረማችሁ) «ግድ የለም፣ ይግቡ» ይለዋል፤ ከኋላ የተሰለፉት ደግሞ ፈረቃቸው እያለፈባቸው ሰዓታቸውን ያያሉ። ከሁለት ፌርማታ በኋላ መውረድ ሲፈልግ ገመዱን የሚስብለት አጠገቡ የተቀመጠ ተማሪ ነው።

ስለ ተስፋ ሰጪነቱም ጥቂት ልበል። እ.ኤ.አ. በ2004 መራጩ ሕዝብ ፋስትራክስ ለተባለው የባቡር ዕቅድ የ0.4 በመቶ የሽያጭ ታክስ አጸደቀ። የኤርፖርቱ መስመር በ2016 ሥራ ጀመረ፤ እስከ ቦልደርና ሎንግሞንት ይዘልቃል የተባለው ግን በዚያው ዓመት ዌስትሚንስተር ደርሶ እዚያው ቀረ፤ የሎንግሞንት ነዋሪም ታክሱን ሳያጓድል ይከፍላል። አላዋቂ ሰው ይህን ኪሳራ ይለዋል። ያለቀ ባቡር የሚመረቀው አንዴ ብቻ ሲሆን፣ ያላለቀው ግን በየምርጫው ዘመን እንደ አዲስ ይመረቃል፤ ታዲያ ሥራው ቢጠናቀቅ እጩዎቻችን ምን ቃል ሊገቡልን ነው?

የእኛም አስተዋጽኦ መዘንጋት የለበትም። እጩው ወደ ሐበሻ ምግብ ቤት ጎራ ሲል ክትፎውን ለብለብ አድርገን እናቀርብለታለን፣ ጉርሻውን እናከታትልለታለን፣ ጥያቄ የሚያነሣ ከተገኘም የሚጠይቀው ስለ ፓርኪንግ ነው። የድምፅ መስጫው ወረቀት በፖስታ እቤታችን ድረስ ሲመጣልንም ከፕሬዚዳንቱ ጀምረን ወደ ታች እንወርድና የአርቲዲ ስም ጋ ስንደርስ እጃችን ይዝላል። ባዶ የተተወ ሣጥንም ለእንዲህ ያለ እጩ ከድጋፍ አይተናነስም።

ተመርጦ ከገባ በኋላስ? የቦርዱን ስብሰባ በኢንተርኔት መሳተፍ ስለሚቻል፣ ስለ አውቶቡስ ለመወሰን እንኳ አውቶቡስ መያዝ አይጠበቅበትም። የሌሊት ጉዞዎችን የመቀነስ አጀንዳ ሲቀርብ ከሳሎኑ ሆኖ እጁን ያወጣል፤ በመሀል የኢንተርኔት መስመሩ ለሁለት ደቂቃ ከተቋረጠበት ግን፣ ሰውን ያለ ምንም ማስታወቂያ ይህን ያህል ማስጠበቅ ነውር መሆኑ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍርለት አጥብቆ ይጠይቃል።