የደብረ ብርሃን ሰዎች ሆይ፣ አረጋውያኑን ወዴት ልትሰዷቸው ነው?

ወገኖቼ፣ ተቆጥቻለሁ፤ ቁጣዬንም አልደብቃችሁም። በከተማችን መካከል ባለ ብዙ ፎቅ የአረጋውያን መጦሪያ ይሠራ የሚለው ሐሳብ ለውይይት በቀረበ ዕለት እኔም በአዳራሹ ነበርሁ። የተናገራችሁትን ሁሉ ሰምቻለሁ። «ዋናው መንገድ ላይ ያለ መሬት የሚገባው ለሆቴልና ለባንክ ነው» አላችሁ። «ከከተማው ወጣ ያለ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ይፈለግላቸው» አላችሁ። አንዱ ተነሥቶ «አስከሬን ሲወጣ ማየት ለንግድ አይበጅም» ሲል ያጨበጨበለት ሰው ነበር። ያጨበጨባችሁበትን እጅ እስቲ ተመልከቱት። በሕፃንነቱ ያጠበው ማን ነበር?

ጸጥታ ለአረጋዊ ይጠቅማል ያላችሁ ንገሩኝ፤ ጸጥታ ስጡኝ ያለቻችሁ የትኛዋ እናት ናት? እኔ የማውቃቸው እናቶች የሚሹት የሥላሴን ደወል መስማት፣ በሰንበት ለቅዳሴ መድረስ፣ በመስኮት አላፊ አግዳሚውን እያዩ «ይኼ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። የማኅበር ጓደኛቸው ከጠበል ጠዲቅ ስትመለስ ጎራ የምትልበትን ቦታ ነው የሚፈልጉት። ከከተማ ዳር የተጣለ ሽማግሌ ጠያቂ የለውም። በመጀመሪያው ወር ትሄዳላችሁ፤ በሁለተኛው ባጃጅ ተወደደ ትላላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ስማቸውን የምታነሡት በበዓል ብቻ ይሆናል። አባቶቻችን ሽማግሌን ያስቀመጡት ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ከሰው መካከል ነበር። ደም የተቃባውን ያስታረቁት፣ የድንበር ጠብ ያበረዱት እዚያ ተቀምጠው ነው።

«በእኛ ባህል እናት አባት የሚጦሩት በቤት ነው፤ መጦሪያ መሥራት ነውር ነው» ያላችሁትንም አልዘነጋሁም። ይህ ክርክር ከሌላው ይልቅ ልቤን ነክቶታል፤ እውነት አለበትና። ነገር ግን ጧሪ ቀባሪ የሌለውን ምን ልታደርጉት ነው? ልጆቹ ዓረብ አገር የቀሩበትንስ? በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ቤቱንም ልጁንም ያጣውንስ? ተፈናቅለው ወደዚህች ከተማ የመጡትን እናንተው በዐይናችሁ አይታችኋል፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተቀመጡትን በየማለዳው ታልፏቸዋላችሁ። በቤት ነው የሚጦሩት የሚል ሰው አንዱን ወደ ቤቱ ይውሰድ። የማይወስድ ከሆነ ባህልን መሸሸጊያ አያድርገው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ አዟል።

ደጋፊዎችም ደስ አይበላችሁ፤ እናንተም አጥፍታችኋል። በታቀደው ሕንፃ ሥዕል ላይ መስተዋቱ ሲያብረቀርቅ አይታችሁ እልል አላችሁ እንጂ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቃችሁም። መራመድ የማይችሉት በየትኛው ፎቅ ያድራሉ? መብራት ሲጠፋ አሳንሰሩ በምን ይንቀሳቀሳል? ለጀነሬተሩ ነዳጅ የሚገዛው ማን ነው? ይህ ካልታወቀ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰባተኛ ፎቅ ላይ ያለች አሮጊት እስረኛ ናት። እሳት ቢነሣ ደግሞ በአሳንሰር አይወረድም፤ በደረጃ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ያለውን ሰው ማን ተሸክሞ ያወርደዋል? ጭስ የማይገባበት፣ እርዳታ እስኪደርስ የሚጠበቅበት ክፍል በየፎቁ አለ ወይ? ውኃውስ እላይ ይደርሳል? ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን ሲያነጣው እናውቃለን። ዙሪያውን መስተዋት የሆነ ክፍል ሌሊት እንዴት ይሞቃል? ከበግ ፀጉር ባና እየሸመነ ብርድን ተቋቁሞ የኖረው የሸዋ ሰው ይህን ጥያቄ መርሳቱ አሳዝኖኛል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያዎችንና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ሕንፃዎች ከሁሉ ከፍ ባለው ምድብ ያስገባቸው፣ የሕዝብ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረውም ያዘዘው በከንቱ አይደለም። እኔ ሕንፃው ዝቅ ብሎ ከሦስት ወይም ከአራት ፎቅ ባይበልጥ እመርጣለሁ። ቦታው ግን መካከል ይሁን፤ በዚህ አልደራደርም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝን ልንገራችሁ። ያ ውይይት የተደረገው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ አሳንሰሩም አይሠራም። አንዲት የሰፈራችን እናት ለመናገር ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው መጥተው ነበር፤ ገና አንደኛውን ፎቅ ሳያልፉ ጉልበታቸው ከዳቸውና ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ስብሰባው አልቆ ስንወርድ እዚያው አገኘኋቸው። «ልጄ፣ ምን ወሰናችሁልን?» አሉኝ። የምመልስላቸው አጣሁ። ስለ አረጋውያን ያን ያህል ሰዓት ስንናገር አንድም አረጋዊ በመካከላችን አልነበረም፤ የት አሉ ብሎ የጠየቀም የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 መብት ሰጥቷቸዋል። ያ መብት የእኒያ እናትም ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ውይይት ደረጃ በሌለው ቦታ እንዲሆን አብረን እንጠይቅ። አዳራሽ ከጠፋ የዕድር ድንኳን አለን፤ ወንበሩም አለ። ለለቅሷቸው የምንተክለውን ድንኳን በሕይወት ሳሉ ለአንድ ቀን እንትከልላቸው። እኔ እኒያን እናት ይዤ እመጣለሁ፤ እናንተም የየራሳችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ከፊት ይቀመጡ፤ ቀድመውም ይናገሩ።