የእማዬ ስቲከሮች

እማዬ ደሴ ናት፣ እኔ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። እሷ የጠዋት ቡናዋን ስታፈላ እኔ ገና እንቅልፍ ላይ ነኝ። ስነቃ ቴሌግራሜ ላይ ሦስት አራት ስቲከር ተደርድሮ አገኛለሁ። አንዷ ሴትዮ ከጀበና ትቀዳለች፣ እንፋሎቱ ይትጎለጎላል፣ ከሥሩ በትልቁ «እንደምን አደርክ» ይላል። ቀጥሎ እጆቿን ዘርግታ የምትመርቅ እናት። ቀጥሎ የሚመታ ልብ። በቃ፣ ጽሑፍ የለም።

መጀመሪያ ሰሞን ቅር ይለኝ ነበር። ምነው ሁለት ቃል ብትጽፍልኝ እላለሁ። በኋላ እህቴ ነገረችኝ። እማዬ ማንበብ መጻፍ ትችላለች፣ ግን የስልኩ ኪቦርድ ላይ አንዷን ፊደል ፍለጋ መከራዋን ነው የምታየው፣ ዓይኗም ደክሟል። ትንንሾቹ ኢሞጂዎች ለእሷ ሁሉም አንድ ዓይነት ቢጫ ነጥብ ናቸው፤ የሚስቀውን ከሚያለቅሰው አትለየውም። ስቲከሩ ግን ትልቅ ነው፣ ይንቀሳቀሳል፣ ያለ መነጽር ይታያል። ለካ እየመረጠች ነው የምትልከው። ጀበናዋ ካልመጣች ቡና አልተፈላም ማለት ነው፣ ያን ቀን ምን ሆና ነው ብዬ እደውላለሁ።

እዚህ የሥራ ባልደረቦቼ ዘንድ ያለችው ያቺ ትንሽ አውራ ጣት ናት። አንድ ገጽ ጽፈህ ብትልክ መልሱ አውራ ጣት ነው። ንቀት አይደለም። አየሁት፣ ገባኝ፣ እንቀጥል ማለታቸው ነው። እኛ ጋ ሰላምታው ራሱ ጉዳይ ነው፣ እንዴት አደራችሁ፣ ልጆቹስ፣ ጤናችሁስ ተባብለን ነው ወደ ነገሩ የምንገባው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ለሞባይል ከተሠሩ ትንንሽ ምልክቶች የተነሳው ኢሞጂ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣዋል? ጎንበስ የሚለው ሰውዬ እንኳን የጃፓኖች ይቅርታ ነው፣ የእኛ እጅ መንሣት አይደለም። ጀበና የለውም። ስለዚህ የሀገር ቤት ልጆች ራሳቸው ሥለው አመጡት፤ ጀበናውን፣ አደይ አበባውን፣ ዒድ ሙባረኩን። ደግ አደረጉ።

ነገሩ ለሀገር ቤት ኔትወርክም ይመቻል። ቴሌግራም በፈረንጆቹ 2019 ያስገባው ተንቀሳቃሽ ስቲከር ከ64 ኪሎባይት አይበልጥም። ቪዲዮ ስላልሆነ ነው፤ ሥዕሉ በመስመርና በቀለም ትእዛዝ ተጽፎ ይመጣል፣ የሚያንቀሳቅሰው ስልኩ ራሱ ነው። ቪዲዮ ኮል እየተቆራረጠ ሲያስመርረን የእማዬ ጀበና ከች ትላለች።

አንድ ነገር ግን አልወድም። አጎቴ ያረፈ ጊዜ የቤተሰቡ ግሩፕ «ነፍስ ይማር» በሚል የሻማ ስቲከር ተሞላ። እዚያው ከተማ ያሉት ሳይቀሩ ሻማ ልከው ዝም አሉ። ለቅሶ ይደረሳል እንጂ ይላካል እንዴ? መድረስ ያልቻለ ይደውላል፣ አብሮ ያለቅሳል። ሦስት ሰከንድ ተወዛውዛ እንደገና ከመጀመሪያው የምትጀምር ሻማ አክስቴን አላጽናናቻትም፤ ስደውልላት በድምፄ ነው ያለቀሰችው።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትናገርም። ከአያቷ ጋር ስልክ ላይ ሁለቱም ዝም ይላሉ፣ እኔ መሐል ሆኜ አስተረጉማለሁ፣ ሁለቱም ይደክማቸዋል። ባለፈው ፋሲካ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ እስክስታ ስትመታ በስልኬ ቀረጽኳት። ከኋላዋ ያለውን ቆርጬ አወጣሁና ሦስት ሰከንዷን ስቲከር አድርጌ ለእማዬ ላክሁላት። እማዬ ለጎረቤት ሁሉ በተነችው። ለዒድ እማዬ ጎረቤታችንን «ዒድ ሙባረክ» ስትላት፣ ጎረቤታችን የመለሰችላት የልጄን እስክስታ ነው።

አሁን ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስልኬን ትቀበለኛለች። ደሴ መሽቷል፣ እማዬ ግን አልተኛችም። ይቺ ትከሻዋን ትልካለች፣ ያቺ ምርቃቷን ትመልሳለች፣ እኔን ማንም አስተርጉም አይለኝም።