ወንበር የያዘው ቸርኬ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ማኪያቶዬን ቆሜ ጠጣሁ። ካፌው ሞልቶ አይደለም። ወንበሬን ጎማ ይዞብኝ ነው።

አራት ኪሎ፣ ሁልጊዜ የምንገናኝባት ካፌ ናት። ጠረጴዛችን አራት ወንበር አለው። ሦስቱ ላይ ሰው ተቀምጧል። አራተኛው ላይ አንድ ጥቁር የሳይክል ቸርኬ መደገፊያውን ተደግፎ ተንፈላሷል። እንዳይጫርበት ከሥሩ ሹራብ ተነጥፎለታል። የሹራቡ ባለቤት ጓደኛዬ ነው። እሱ በዚያ ብርድ በካናቴራ ተቀምጦ ይንቀጠቀጣል። የኋላውን ቸርኬ ደግሞ ጭኑ ላይ እንደ ክርስትና ልጅ ታቅፎታል። ሳይክሉ የለም። ሳይክሉ ቤት ቀርቶ ቸርኬዎቹ ብቻቸውን ቡና ሊጠጡ ወጥተዋል።

«ቁጭ በል እንጂ» አለኝ።

«የት?»

ቸርኬውን አየው። እኔን አየኝ። ከዚያ አስተናጋጇን ጠርቶ «እህት፣ ትርፍ ወንበር ይኖራል?» አላት። ከሁለታችን ማን መቆም እንዳለበት አንዲት አፍታ አላመነታም።

«እስቲ አንሳው» አለኝ ቀጥሎ።

ሰሞኑን ይሄ ሰላምታ ሆኗል። እንደምን አደርክ የለ፣ ልጆች ደኅና ናቸው ወይ የለ። እስቲ አንሳው። በአንድ ጣት ታነሳለህ፤ ዓይንህን ታፈጣለህ፤ «ኧረ! ይሄማ ወረቀት ነው!» ትላለህ። በቂ ካልደነገጥክ ያስደግምሃል። እኔ አንስቼ «ቀላል ነው» አልኩ።

«አልገባህም። እንደገና አንሳው።»

ካርቦን ነው። ከቻይና ያስመጣው ነው፤ ጥንዱ 400 ዶላር። የዕቁብ ብሩ እንዳለ እዚያ ገባ። ዶላር 57 ብር አካባቢ ቆሞ በነበረ ጊዜ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ሐምሌ 2016 ዋጋው ለገበያ ተለቆ በሳምንታት ውስጥ 100ን ካለፈ ወዲህ ግን «ርካሽ» የሚለው ቃል ራሱ ተወዷል። እሱ ታዲያ ርካሽ ነው ይላል። ስም ያላቸው ኩባንያዎች ጥንዱን ከ2,000 ዶላር በላይ ስለሚሸጡ 1,600 ዶላር እንዳተረፈ ነው የሚቆጥረው። ይሄን ትርፍ ኪሱ ውስጥ ፈልጎ ያገኘው አይመስለኝም።

በእኛ ዘመን ካርቦን ማለት ሌላ ነበር። ታይፕ ላይ በሁለት ወረቀት መሃል የሚገባ፣ ጣት የሚያጠቁር ነገር። ኦርጅናሉ ለአለቃ፣ የካርቦኑ ኮፒ ለፋይል። ስለዚህ ጓደኛዬ «ከታዋቂዎቹ ጋር አንድ ነው፣ ስሙ ነው የሌለው» ሲለኝ፣ ካርቦን ድሮም ሥራው ይሄው አይደል ብዬ ዝም አልኩ።

እውነቱን ለመናገር ሰውዬው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ስማቸው ከገነነው ቸርኬዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት ቻይናና ታይዋን ነው። የካርቦን ቸርኬ ማለት በሙጫ የተነባበረ ክር ነው፤ የዚያም ክር ካርቦን ነው፤ የዚህም ክር ካርቦን ነው። ክሩን የሚይዘው ሙጫ ነው ነገሩ። ሙጫው ስንት ሙቀት ይችላል? በንብርብሩ መሃል አየር ቀርቶ እንደሆነ ማን አየ? ከመሸጡ በፊት ተመትቶ ተሞክሯል? ይሄን ዓይን አያየውም፤ ጥቁር ቀለም ሁሉን ይሸፍናል። ሲሰነጠቅ ደግሞ ባለስሙ ቢያንስ የምትጮህበት በር አለው። የርካሹን ልመልስ ብትል የመላኪያው ዋጋ ሌላ ዕቁብ ይፈልጋል።

ይሄን ላስረዳው ስጀምር «ና ውጣ፣ በሚዛን ላሳይህ» አለኝ።

ካፌው በር ላይ ሚዛን ዘርግቶ የሚቀመጥ ልጅ አለ። ጓደኛዬ ሁለቱን ቸርኬዎች ሚዛኑ ላይ ደራርቦ አቆማቸው። መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም።

«አየህ!» አለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

«ጋሼ፣ ይሄ የሰው ሚዛን ነው» አለው ልጁ። «ትንሽ ነገር አያነብም። ይዘውት ይውጡ፣ ከዚያ ያለሱ ይውጡ።»

ታቅፏቸው ወጣ። 94። እኔን አስይዞኝ ወጣ። 92 ተኩል።

«አንድ ኪሎ ተኩል!» ብሎ ጮኸ። ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞር አለ። «የድሮው አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ነበር። አራት መቶ ግራም!»

ልጁ ግራ ገባው። «ጋሼ፣ የሚመዘኑት እርስዎ ነዎት ወይስ ጎማው?»

«ጎማው ነው እንጂ!»

«እሺ። ጎማው አንድ ተኩል። እርስዎ ዘጠና ሁለት ተኩል።» ልጁ ክፋት አልነበረበትም። ሁለት ጊዜ ስለመዘነ የሁለት ሰው ሂሳብ ተቀበለ፤ አበቃ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።

ከአማርኛ ተረቶች አንድ ምረጥ ብባል ይሄን ነው የምመርጠው። ሦስት ቃል ናት። ማሰሪያ አንቀጽ እንኳ የላትም። ዳውላውን ምን አደረገው? መታው? ሰደበው? አራገፈው? አይነግሩህም። አገሩ ሁሉ መጨረሻውን ስለሚያውቀው መጨረስ አላስፈለገም። ይህ ሰው እሁድ እሁድ ከሳይክል ሲመለስ ግማሽ ኪሎ ቁርጥ ይበላል። አራት መቶ ግራም ከቸርኬ ቀንሶ አምስት መቶ ግራም በሚጥሚጣ ይመልሳል። ሁዳዴን 55 ቀን በወጉ ቢጾም የትኛውም ፋብሪካ የማያወጣለትን ኪሎ ያወጣል፤ ዶላርም አይጠየቅም። ግን ቦርጭን ማን ይነካል? አህያ ነው፤ ይራገጣል። ዳውላው ይሻላል፤ ዳውላ ዝም ብሎ ይታዘዛል።

በዚህ ተረት ስንቱን አስታወስኩ። ባለፈው ዓመት ለአንድ ወረቀት አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ቀን ተመላለስኩ። አሻሽለዋል አሉኝ፤ እውነትም አሻሽለዋል። ወንበሩ አዲስ ነው። ግድግዳው ተቀብቷል። ቁጥር የሚሰጥ ማሽን ተተክሏል፤ በትሕትና ያናግርሃል። ሰባት መስኮት አለ። ሰው ያለበት አንዱ ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ተራዬ ደርሶ ብጠጋ ሴትዮዋ ቀና ሳትል «ሲስተም የለም» አለችኝ። ሲስተም በአማርኛ ሥርዓት አይደለም እንዴ? ሥርዓት የለም ካለችኝማ ምን ብዬ ልከራከራት? ሦስት ቀን ሙሉ ስለው የነበረውን ነው የነገረችኝ። እዚህ ላይ ሳቄ ያልቃል። ለማሽኑ የወጣው ገንዘብ ለአንድ ተጨማሪ ሰው ደመወዝ ቢሆን ኖሮ እኔ ሦስት ቀን ከሥራ አልቀርም ነበር። የደመወዝ ቅጣቴን ማሽኑ ይከፍልልኝ ይሆን?

ወደ ቸርኬው ልመለስ። ቸርኬ ሲባል ግን አንድ ቂም አለብኝ፤ እሷን ሳልናገር አላልፍም።

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ሳይክል የሚያከራይ ሰውዬ ነበር። ግማሽ ሰዓት በሃምሳ ሳንቲም። ሰዓት ግን አልነበረውም፤ ደቂቃ የሚቆጥረው በስሜቱ ነው። ቶሎ ሆድ ይብሰው ስለነበር ግማሽ ሰዓታችን ብዙ ጊዜ ሩብ ሰዓት ነበረች። መያዣ ይጠይቃል። እኔ መያዣ ስላልነበረኝ የግራ እግር ጫማዬን ወሰደ። የሰጠኝ ሳይክል ሰፈሩ ሁሉ «ሰካራሟ» የሚላት ነች፤ የፊት ቸርኬዋ ስለተጣመመ ቀጥ ብላ ሄዳ አታውቅም። ነድቼ መለስኩ። ሰውዬው የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስቶ አሽከረከረና «ቸርኬ አጣመምክብኝ» አለኝ።

ሰካራሟን! እኔ ከመወለዴ በፊት የሰከረችውን!

ሁለት ብር እስክታመጣ ጫማው እዚህ ያድራል አለ። በአንድ እግር ጫማ እያነከስኩ ቤቴ ገባሁ። እናቴ አንዴ ለጫማው፣ አንዴ ለሳይክሉ፣ ሁለት ጊዜ ገረፈችኝ። ሰውዬው በሕይወት ካለ ሁለት ብሬን ከነወለዱ እፈልጋለሁ። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲጨርስ ሁለቱም እግሮቹ ባዶ ነበሩ። ቢያንስ እኩል ነበሩ። በአንዱ ተጫምቶ በሌላው በባዶ መሄድን እኔ ነኝ የማውቀው።

ይሄን ያነሳሁት ዕቃ ዋጋ የለውም ለማለት አይደለም። ሳይክል ተወዳዳሪው ጸጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን «ቸርኬህን ተውና ጾም ጹም» የሚለው ሰው አያስፈልገውም ነበር። ወፍራም የካርቦን ቸርኬ ንፋስ ይቆርጣል፤ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ግን በሰዓት ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ስትነዳ ነው። ጓደኛዬ በዚህ ፍጥነት ሄዶ የሚያውቀው ቁልቁለት ላይ ነው። ደግሞ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፈጣሪ በነጻ የቀነሰለትን ንፋስ ሊቀንስ ነው 400 ዶላር የከፈለው። አየሩ ለሳንባም ሳስቷል ካላችሁኝ፣ ልክ ናችሁ፤ እሱ ግን እንጦጦን ሲወጣ አይተነፍስም። ሳይክሉን ሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ ጭኖ ነው የሚወጣው። የሚነዳው ሲወርድ ብቻ ነው።

የምፈራው ይሄንኑ መውረዱን ነው። ሰካራሟ ብረት ነበረች። ብረት ይጣመማል፤ ተጣሞም ይሄዳል፤ ሽቦውን አጥብቀህ ታቃናዋለህ። ሰውዬው ባያቃናትም። ካርቦን አይጣመምም። ካርቦን ምጣድ ነው፤ ደኅና ነው፣ ደኅና ነው፣ ከዚያ ተሰንጥቋል። በዚያ ላይ የጓደኛዬ ሳይክል አሮጌ ነው፤ ፍሬኑ የሚነክሰው ቸርኬውን ራሱን ነው። የዲስክ ፍሬን ቢሆን ሙቀቱ ሌላ ቦታ በቀረ ነበር። ቸርችልን ከማዘጋጃ ቤት ለገሃር መውረድ አጭር ነው፤ ምንም አይልም። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው እንጦጦ 92 ኪሎ ተኩል ይዞ፣ ፍሬን እንደያዙ መውረድ ግን ሌላ ነው። የአሉሚንየም ቸርኬ ሙቀቱን ተቀብሎ ለነፋስ ይሰጠዋል። ካርቦኑ እዚያው ይዞት ይቀራል። ርካሹ ሙጫ ይለሰልሳል፤ ከውስጥ ደግሞ የጎማው አየር ወደ ውጭ ይገፋል፤ የቸርኬው ከንፈር ያብጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን አስፋልቱ ይጨርሰዋል።

«ለካርቦን የሚሆን የፍሬን ጎማ ገዝቻለሁ» አለኝ። ጥሩ አድርጓል፤ ያለዚያማ ጭራሽ አይሞከርም። ሙጫውን ግን አይቀይርለትም።

ከሚዛኑ ተመልሰን ገባን። ወንበሩ ገና አልመጣም። እናቴ ምጣድ ስትገዛ በጣቷ መገጣጠሚያ እያንኳኳች ጆሮዋን ታስጠጋ ነበር፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ ትወስዳለች፤ ድምፁ ከታፈነ፣ ሻጩ በአቦ በሥላሴ ቢምል ትታው ትሄዳለች። ለካ ካርቦንም የሚፈተሸው እንደዚያው ነው። የአንድ ብር ሳንቲም አወጣሁ። ቸርኬውን ወንበሩ ላይ እንዳለ ዙሪያውን ማንኳኳት ጀመርኩ። ቲን። ቲን። ቲን። ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ሂሳብ የሚጠራ ሰው መሰልኳቸው።

ቲን። ቲን። የአየር መንፊያው ጋ ስደርስ፣ ድብ።

ሁላችንም ዝም አልን።

«እዚያ ጋ ወፍራም ስለሆነ ነው» አለ ጓደኛዬ።

ሊሆን ይችላል። መንፊያው የሚገባበት ቀዳዳ አካባቢ ንብርብሩ ይጨመራል፤ ድምፁም ይለወጣል። የኋላውን ተቀብዬ እዚያው ቦታ አንኳኳሁ። ድብ ያለ መሰለኝ፤ ማሽኑ ወተት እያፈላ ስለነበር በደንብ አልሰማሁም። እንደገና ላንኳኳ ስል «በቃ ትጭረዋለህ» ብሎ ነጠቀኝ።

«ነገ እንጦጦ ትሄዳለህ?»

«ታዲያስ!»

«ቁልቁለቱን በእግርህ ገፍተህ ውረድ።»

«ቅናት ነው» አለኝ።

ይሄን ጊዜ አስተናጋጇ ከጓዳ ወንበር ተሸክማ መጣች። አመሰገንኳት። ኮቴን ሰብስቤ ልቀመጥ ጎንበስ ስል፣ ጓደኛዬ ቀደም ብሎ የኋላውን ቸርኬ አስቀመጠበት።

«እግሬ ደንዝዞብኝ ነው» አለኝ።