የ20 ሰከንዱ ወሬ

ያ ዜና ሰሞኑን ደግሞ ብቅ ብሏል፦ «የ18 ዓመቷ ተማሪ ስልክ በ20 ሰከንድ የሚሞላ ፈጠራ ይዛ ብቅ አለች»። ከሥሩ አንዱ «ታዲያ የታለ?» ይላል፤ ሌላው «ካምፓኒዎቹ ቀበሩት» ብሎ ይመልስለታል። ከርዕሱ በታች ያለውን ግን ሁለቱም አላዩትም።

ልጅቷ ኢሻ ኻሬ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ፣ ፊኒክስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ሳይንስ ውድድር 50,000 ዶላር ተሸልማለች። የሠራችው ሱፐርካፓሲተር ነው፤ እንደ ባትሪ ኤሌክትሪክ የሚያከማች፣ ግን በፍጥነት የሚሞላና የሚራገፍ ዕቃ፤ ያበራችበት ደግሞ ኤልኢዲ መብራት። ስልኩን የሞላው ርዕስ ጻፊው ነው።

እስቲ እናስላው። 15 ዋት-ሰዓት የሚይዝ የስልክ ባትሪ 54,000 ጁል ይፈልጋል። ለ20 ሲካፈል 2,700 ዋት፤ በ5 ቮልት 540 አምፔር። የዩኤስቢ-ሲ ገመድ የሚችለው ቢበዛ 5 ነው። የቀረውን 535 ማን ይሸከመው?

ዋት ከተነሳ፣ ዋትን ከዋት-ሰዓት ከሚያምታታ ዘጋቢ ጋር የቆየ ቂም አለኝ። ዋት ጉልበቱ የሚፈስበት ፍጥነት ነው፤ ዋት-ሰዓት ደግሞ የተከማቸው ጉልበት መጠን። «10 ሜጋዋት የሚያከማች ባትሪ» ማለት ቧንቧ ለክቶ ጋኑ ይህን ያህል ይይዛል እንደማለት ነው። ይቅርታም ጠይቀው አያውቁ! የሱፐርካፓሲተር ነገርም እዚሁ ላይ ነው፦ ቧንቧው ሰፊ፣ ጋኑ ትንሽ። ገበያ ላይ ያለው በኪሎ ከ5 እስከ 10 ዋት-ሰዓት ገደማ ሲይዝ የሊቲየም ባትሪ ከ150 እስከ 250 ይይዛል። ለስልኩ ከ1.5 እስከ 3 ኪሎ ያስፈልጋል፤ ኪስ ሳይሆን አህያ ይጠይቃል። በዚያ ላይ ቮልቴጁ እየተጠቀሙበት ይወርዳል፤ ግማሽ ሲደርስ ከጉልበቱ ሦስት አራተኛው አልቋል።

«ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ያለው ሰው ባትሪ ሳያውቅ አልቀረም። የሊቲየም ባትሪ፣ በተለይ በብርድ፣ ተቻኩለው ሲሞሉት አየኖቹ፣ ማለትም ቻርጅ የተሸከሙት የሊቲየም ቅንጣቶች፣ ግራፋይቱ (ባትሪው ሲሞላ የሚያርፉበት ካርቦን) ውስጥ ለመግባት ጊዜ ያጣሉ፤ ላዩ ላይ የሊቲየም ብረት ሆነው ይጋገራሉ። የባትሪው አቅም ይቀንሳል። ሲብስም እንደ እሾህ አድገው የባትሪውን ሁለት ወገኖች የሚለየውን ስስ ሽፋን ይበሱና ሾርት ያደርጉታል። ሱፐርካፓሲተር በአብዛኛው ቻርጁን ላዩ ላይ ነው የሚያሳድረው፤ ለዚህ ነው የሚፈጥነውም የሚበረክተውም። የልጅቷ ሥራ ቁም ነገርም ይኸው ነበር፦ 10,000 ጊዜ ቢሞላና ቢራገፍ ይችላል ተብሏል። ግን 10,000 ለርዕስ አይጣፍጥም፤ 20 ይጣፍጣል።

ዜናው እንግዲህ እየተላለፈ ነው። ልጅቷ አሁንም 18 ዓመቷ ነው።